ቅጂው ይከፈታል ወይ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ በሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ገንዘቡ ስለሚመዘገብበት ነገር ነው። ቁጠባችን ባንክ ተቀምጧል፤ ባንኩ ግን የሚያውቀው የማኅበሩን ድምር ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ የእያንዳንዷ ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ ማን ብድሯን እንደጨረሰች፣ ማን ሁለት ወር እንደቀራት የሚናገረው የእኛ መዝገብ ነው። መዝገቡ ደግሞ በአባሎቻችን ቤት ባሉ ኮምፒውተሮች በኤክሴል ይሠራል። እሱ ከጠፋ ብሩ ባንክ እያለ እኛ እዚህ ደብረ ታቦር እንጣላለን።

«ቅጂ አለ» ስንባል «የት?» ብለን እንጠይቃለን። ብዙ ጊዜ መልሱ «እዚያው ኮምፒውተር ላይ፣ ዲ ውስጥ» ነው። ሲ እና ዲ ግን በአብዛኛው የቤት ኮምፒውተር የአንድ ሃርድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ዲስኩ ሲበላሽ አብረው ይሄዳሉ። እህልን በአንድ ቤት በሁለት ጆንያ እንደማስቀመጥ ነው። ቤቱ ከተቃጠለ እሳቱ ጆንያ አይመርጥም።

ሙያተኞቹ የሚመክሩት ሦስት ቅጂ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጭ እንዲቀመጥ ነው። ይህ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የገዳማትና የአድባራት መጻሕፍትን ፎቶ አንሥቶ አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላውን አሜሪካ ሚኒሶታ አስቀምጧል። ብራናው አንድ ነገር ቢደርስበት ጽሑፉ ይተርፋል ማለት ነው። የእኛ ቅጂ ባሕር መሻገር አያስፈልገውም፤ ከጸሐፊዋ ቤት ወደ ገንዘብ ያዥዋ ቤት ቢሄድ ይበቃል።

ከቅጂው ብዛት ይልቅ እኛ አጥብቀን የምንጠይቀው ግን ተከፍቶ ታይቷል ወይ የሚለውን ነው። ፍላሽ ጽፎ ሳይጨርስ ከተነቀለ የፋይሉ ስም ይታያል፣ ውስጡ ግን አይከፈትም። ካዝና ተቆልፏል ተብሎ ያለ ቆጠራ እንደማይታመን ሁሉ ቅጂም እንዲሁ ነው። በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይከፈት፤ የመጨረሻው ወር መዋጮ መግባቱ ይታይ፤ የሦስት አባላት ቀሪ ሒሳብ በእጃቸው ካለው የቁጠባ ደብተር ጋር ይመሳከር። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የወረቀቱን ደብተርም ማንም እንዳይጥለው፤ መብራት ሲጠፋም ይነበባል።

አሁን ወደሚያስደነግጡን ነገሮች እንምጣ። ፍላሹን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደን ስንመለስ ፋይሎቹ ጠፍተው የአቋራጭ ምልክት ብቻ ይታያል። ይህ ቫይረስ ነው፤ ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም። ምልክቱን ደጋግሞ መጫን ቫይረሱን ወደ ኮምፒውተሩ ያስገባዋል። «ፎርማት ላድርግልሽ» የሚል ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ «ፋይሎቹን አውጣልኝ» በሉት። ለማተሚያ የሚሄደውና መዝገብ የሚቀመጥበት ፍላሽ አንድ መሆን የለባቸውም።

ደብዳቤ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነም አትደንግጡ። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር የሚታየው ያ ነው። ፎንቱ ሲጫን ጽሑፉ ይመለሳል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷልና አዲስ የምንጽፈውን በዩኒኮድ እንጻፍ።

ከሁሉ የባሰው ግን ድምፅ የሌለው ነው። የቆየ ዴስክቶፕ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ወደ ኋላ የሚመልስ ከሆነ ውስጡ ያለችው ክብ ባትሪ ደክማለች። ሲአር 2032 ትባላለች፣ የሰዓት ባትሪ ትመስላለች፤ መቀየሯ ቀላል ነው። ካልተቀየረች ዛሬ የሠራነው ፋይል የዛሬ ስንት ዓመት ቀን ይይዛል፤ ቅጂ ስንወስድም የትኛው አዲስ እንደሆነ ተምታቶብን በአሮጌው አዲሱን እናጠፋለን። ስለዚህ የፋይሉ ስም ራሱ ቀን ይያዝ፣ ዓመቱ ቀድሞ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን፤ እንዲህ ከሆነ በቅደም ተከተል ይደረደራሉ። በኛ አቆጣጠር ይሁን፤ ጳጉሜንም 13 ተብላ ትግባ፣ ዕዳ የሚከፈለው በእሷም ነው።

ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥስ ላላችሁ ደጋፊዎቻችን፣ ጥሩ ነው፤ ኔትወርክ ባለ ጊዜ እንጠቀምበታለን። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ታውቃላችሁ። መዋጮ በዚያን ጊዜም ይሰበሰብ ነበር። ብቸኛው ቅጂ እዚያ ላይ ቢሆን ኖሮ ማየት የሚችል አልነበረም። በዚህ ምክንያት ከእናንተ የምንጠይቀው ውድ ዕቃ ሳይሆን አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክና መብራት ሲቋረጥ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለማጥፋት የሚያደርስ አንድ ዩፒኤስ ነው። ክረምት ላይ ግን ዩፒኤስም ቢኖር ነጎድጓድ ሲጀምር ከሶኬቱ ይነቀል።

ከመጪው የመዋጮ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ፍላሾች በየወሩ ቤት ይቀያየራሉ፤ የሚያስረክቡትና የሚረከቡት ይፈርማሉ። በዕለቱ ቅጂውን የምንከፍተው በአንዳችሁ ላፕቶፕ ነው፤ ያላችሁ ቤታችሁ ቻርጅ አድርጋችሁት ኑ፣ አዳራሹ ውስጥ መብራት ይኖራል ብለን አንምልም።