ፓርኩና የእኩል ውል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የመንግሥትና የግል ባለሀብት ሽርክና ለፓርኮች መሻሻል» የሚል ነው። ርእሱ ከቢሮ የወጣ ይመስላል። ነገር ግን ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከሊማሊሞ ዳገት እስከ ድብ ባሕር ያለው ገበሬ ሽርክና ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አጥብቆ ያውቃል። መሬት ያለው በሬ ቢያጣ፣ በሬ ያለውም መሬት ቢያጥረው፣ ሁለቱ ተስማምተው በእኩል ያርሳሉ። ዘሩን ማን እንደሚያወጣ፣ ገለባው ለማን እንደሚሆን አስቀድሞ በሰው ፊት ይነገራል። ምርቱም የሚካፈለው ሁለቱም ቆመው እያዩ በዐውድማው ላይ ነው። አንደኛው ብቻውን በጎተራው ካስገባ በኋላ እንካፈል ቢል ማን ይሰማዋል? በዛሬው ንግግሬ የምመረምረው በፓርካችንም ላይ እንዲህ ያለ ውል ሊኖር እንዴት እንደሚገባ ነው።

እንደሚታወቀው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተቋቋመው በጥቅምት ወር 1962 ዓ.ም. ነው። ዋነኛው ምክንያት ከስሜን ገደላገደል በቀር በዓለም ላይ በየትም የማይገኘው ዋልያ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ፓርኩ ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከተጻፉት 12 ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። እርሻውና ግጦሹ እየሰፋ፣ ዋልያውም እየተመናመነ በመሄዱ ግን በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ገባ፤ ከዚያም የወጣው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ልቁም። ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ሊወጣ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ከግጭ መንደር ከ250 የሚበልጡ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ካሣ ተከፍሏል፤ ይህን አልክድም። ሆኖም ገብስ ዘርቶ፣ በግ አርብቶ የኖረ ሰው ከተማ ሲገባ ገንዘቡን እንጂ ሙያውን ይዞ ለመግባት አይችልም። ለፓርኩ መዳን ከተከፈለው ዋጋ ትልቁን ክፍል የከፈለው ማን እንደሆነ ሳያስቡ ስለ ሽርክና መናገር አይገባም።

ባለሀብቱስ? በቡይት ራስ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የእንግዳ ማረፊያ በግል ገንዘብ ተሠርቷል። በሊማሊሞ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራውን ማረፊያ ከመሠረቱት መካከል ደግሞ ቀድሞ በዚሁ ተራራ ጎብኚ ይመሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ። ግድግዳውም የአካባቢው አፈር ተጠቅጥቆ የቆመ ነው። መንገድ መሪነት ተላላኪነት የሚመስለው ተማሪ ቢኖር ይህን ልብ ይበል። በቅሎ ጫኞች፣ ምግብ አብሳዮችና መንገድ መሪዎችም በደባርቅ ማኅበር አቁመው ሥራውን በተራ ሲካፈሉ ኖረዋል። ጎብኚ በመጣ ጊዜ የበቅሎው ኪራይ ያለ ብዙ ደላላ ከባለ በቅሎው እጅ ይደርሳል፤ በእኔ አስተያየት ከሽርክናው ሁሉ የተሻለው ክፍል ይህ ነው።

በሕግ በኩል፣ አዋጅ ቁጥር 541/1999 የግል ባለሀብትም ሆነ የአካባቢ ሕዝብ በዱር እንስሳት ጥበቃ ሥራ እንዲገባ በር ከፍቷል። ስለ መንግሥትና የግል ሽርክና በጠቅላላው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ወጥቷል። በሩ መከፈቱ ግን ብቻውን ምን እንደሚያመጣ ነጭ ሳር ያስረዳናል። በአርባ ምንጭ አጠገብ ያለውን ይህን ፓርክ አፍሪካን ፓርክስ የተባለ የውጭ ድርጅት በ1996 ዓ.ም. ሊያስተዳድር ተዋዋለ፤ ቀጥሎም የኦሞን ፓርክ ጨመረ። ገንዘብም ሙያም ነበረው። ይሁን እንጂ በ2000 ዓ.ም. ሁለቱንም ትቶ ወጣ። ነጭ ሳርን እርስታችን የሚሉት፣ በውስጡም የሚኖሩትና ከብታቸውን የሚያሰማሩት የጉጂና የኮሬ ሰዎች ጉዳይ ለመንግሥት የተተወ እንጂ እነርሱ ራሳቸው ተዋዋይ የሆኑበት አልነበረም። ሁለት ሰዎች የሦስተኛውን መሬት በእኩል ሊያርሱ ቢስማሙ መኸሩ እንዴት ይሆናል ብላችሁ ወላጆቼን እጠይቃለሁ።

ለእኛ ደግሞ የሚብሰው ክፉ ዘመን ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ዙሪያ ደረሰ፤ በዚያም የደረሰውን ሐዘን እናንተ ታውቁታላችሁ። ጎብኚው ሲቀር ባለ በቅሎው፣ አብሳዩ፣ እንጀራ ሻጪዋ ሁሉ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ከግጦሹ የተከለከለው ግን በዚያው እንደተከለከለ ነበር። ክልከላው ዓመቱን ሙሉ የሚጸና ከሆነ ክፍያው ጎብኚ በመጣ ጊዜ ብቻ ሊሆን እንዴት ይቻላል?

በኬንያ፣ በማሳይ ማራ ዙሪያ፣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች ለመሬቱ ባለቤቶች ለማሳዮች ጎብኚ ቢበዛም ቢያንስም በየጊዜው የተቆረጠ ኪራይ የሚከፍሉበት ውል አለ። በኮሮና ዘመን ኪራዩ የተቀነሰባቸው ቦታዎች ስለነበሩ ፍጹም ነው አልልም። የእነርሱ መሬት በስማቸው የተመዘገበ፣ የእኛ ግን የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑም እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ነገር ግን ከመግቢያው ገንዘብና ከማረፊያዎቹ ኪራይ ጥቂቱ በደጉ ዘመን እየተቀመጠ በክፉው ዘመን ግጦሹን ለለቀቀው ቀበሌ ቢከፈል፣ ገበሬው ለክፉ ቀን እህል ከሚያስቀምጥበት ጥበብ የተለየ ነገር አይደለም።

ገበሬው ተዋዋይ ይሁን ማለቴ ለምጽዋት እንዳይመስላችሁ። በ2011 ዓ.ም. በፓርኩ ላይ እሳት በተነሣ ጊዜ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት አደጋ ባለሙያዎችም ከእስራኤል መጥተው ረድተዋል። እነርሱ እስኪደርሱ ድረስ ግን ከዘበኞቹ ጋር እሳቱን በቅጠል እየመታ፣ በአፈር እያዳፈነ የተከላከለው የአገሩ ሰው ነው። በእርሻው ቋንቋ በሬውን ይዞ የመጣው እርሱ ነው፤ ድርሻውም በዚያው ልክ ሊቆጠርለት ይገባል።

ስለዚህ ወደፊት በስሜን ላይ ሽርክና የሚዋዋል ሁሉ ከመንግሥትና ከባለሀብቱ ፊርማ ቀጥሎ የቀበሌዎቹን የሦስተኛውን ፊርማ ቦታ ይተው። የየዓመቱም ገቢና ድርሻ በአማርኛ ተጽፎ በቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ። የጽሑፉን ማንበብ ነገር ለእኛ ለተማሪዎች ተዉልን፤ ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ከበሩ አጠገብ ቆመን ለሚጠይቀን ሁሉ ጮክ ብለን እናነብለታለን።