ማሸቱም ማሩም ይኑር፤ ፓፉ ግን አይቋረጥ

(በማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ክፍል ሰው ሲነሳ የምትጠብቁት ገቢና ወጪ እንደሆነ እናውቃለን። የዓመቱን ሒሳብ ግን ቀደም ብላችሁ ሰምታችኋል። እኛ የተነሳነው በአስቸኳይ ብድር መዝገባችን ላይ ስላለ አንድ ነገር ለመናገር ነው። ዘንድሮ መዝገቡን ስናገላብጥ የአንዲት እህታችን ስም አራት ጊዜ ተከታትሎ አገኘነው። አራቱም ላይ «ለልጅ ሕክምና» ተብሎ ተጽፏል። ሦስቱ ብድሮች ልጇን ለማሳሸትና የተለየ ምግብ ለመግዛት የዋሉ ናቸው። አራተኛው በሌሊት ደሴ የተሄደበት ነው። ገንዘቡን ስንሰጥ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሆነ አልጠየቅንም። እህታችን ታሪኩ እንዲነገር ፈቅዳልናለች፤ ስሟን አንጠራም።

ልጁ 7 ዓመቱ ነው። ሲሮጥና ሲመሽ ደረቱ ሲር ሲር ይላል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። አስም ነው ተብሎ በአፍ የሚሳበው መድኃኒት፣ ፓፍ የምንለው፣ ታዘዘለት። እናቱ ፓፉን ያሳየችን እዚሁ ቡና ላይ ነው። «ሱስ ይሆንበታል፣ ልብ ያደክማል» ያልናት እኛው ነን። «ወደ አምባሰል ደረት አሽተው የሚያድኑ እናት አሉ» ያልናትም እኛው ነን። «ወተት፣ እንቁላልና ሙዝ ብርድ ነው፣ ከልክይው» ያልናትም እንዲሁ እኛ ነን። ክፉ አስበን አልነበረም። እሷም አመነችን። ፓፉ ሳጥን ውስጥ ገባ፤ ልጁ በየሳምንቱ ታሸ፤ ምግቡ እንጀራ በሽሮ ብቻ ሆኖ ከሳ።

መጀመሪያ ላይ የተሻለው መስሎን ነበር። አስም ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲሄድ በዚያን ሰሞን ያደረግነው ነገር ሁሉ ያዳነው ይመስለናል። አንድ ሌሊት ግን ልጁ ቃል መናገር እስኪያቅተው ድረስ ታፈነ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በአምቡላንስ ደሴ ደረሰ። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እናቱ ግን መንገዱ አላልቅ እንዳላት ነግራናለች። በኦክስጅንና በመድኃኒት ተረፈ። አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን፤ ዛሬ ትምህርት ቤት ነው።

ከዚያ በኋላ የጤና ባለሙያዎችን ጠይቀን፣ የተጻፈውንም አንብበን የተረዳነውን እናካፍላችሁ።

አስም ሲነሳ የአየር ቧንቧው ውስጡ ያብጣል፣ በዙሪያው ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ አክታ ይሞላዋል። ሳልቡታሞል የሚባለው ፓፍ በደቂቃዎች ውስጥ ጡንቻውን ያላላል፤ እብጠቱን ግን አያጠፋም። እብጠቱን የሚቀንሰው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው ሌላው ፓፍ ነው፤ እሱ የታዘዘለት ልጅ ደህና በሆነበት ቀንም መውሰድ አለበት። ሁለቱም ሱስ አያስይዙም። «ልብ ያደክማል» የሚባለው ሳልቡታሞል ለጥቂት ጊዜ ልብን ስለሚያስመታ ነው። ልጁ ሳልቡታሞልን ቶሎ ቶሎ የሚፈልግ ከሆነ በሽታው እንዳልተያዘለት ማወቂያ ነው፤ ያኔ ወደ ሐኪም መመለስ እንጂ ፓፉን መጣል አይገባም።

ወደ ማሸቱ እንምጣ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ሁለት ጥናቶች ወጥተዋል። አንደኛው በካናዳ ከ7 እስከ 16 ዓመት ባሉ የአስም ሕሙማን ልጆች ላይ የተደረገ ነው። ግማሾቹ በጀርባ አጥንት ባለሙያ በትክክል ታሹ፤ ግማሾቹ ለማስመሰል ብቻ ተነካኩ። ሁሉም መድኃኒታቸውን አላቋረጡም። ከአራት ወር በኋላ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ሁለተኛው በአሜሪካ በ32 ልጆች ላይ የተደረገ ነው። ከልጆቹ ከፊሎቹን ወላጆቻቸው ራሳቸው ማታ ማታ ለ20 ደቂቃ አሹ። የታሹት ልጆች ጭንቀት ቀነሰ፤ በተለይ የትንንሾቹ ትንፋሽ ተሻሻለ። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አንመካበትም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ያሸው የወላጅ እጅ ነው፣ ዋጋውም ምንም ነው። እናት ልጇን በመኝታ ሰዓት ቀስ አድርጋ ብታሸው እኛ ደስ ይለናል። ለዚህ ብድር አያስፈልግም።

ምግብን በተመለከተ፣ ወተትም እንቁላልም ሙዝም አስም አያመጡም። አንድ ልጅ አንድን ምግብ በበላ ቁጥር ሰውነቱ የሚያብጥ፣ የሚያስመልሰው ወይም የሚታፈን ከሆነ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ያለዚያ ግን ምግብ መከልከል የታመመውን ልጅ በላዩ ላይ ማስራብ ነው። እንቁላሉንም፣ ከሐይቃችን የሚወጣውን ዓሣም ይብላ። አምባሰል በማሩ የታወቀ አገር ነው፤ ማር ሳልን ያለዝባል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን በፍጹም አይሰጥም። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጦስኝ በምግብና በሻይ ይሁኑ። በጥቁር አዝሙድ ላይ አንዳንድ ሙከራዎች ተስፋ አሳይተዋል፤ የተሰጠው ግን ከመድኃኒቱ ጋር ተደርቦ ነው። በሒሳብ ቋንቋ፣ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም።

ዱዓውም ጸበሉም እንዲሁ ነው፤ ፈጣሪን መለመን ፓፉን አያስጥልም። ፈጽሞ የማንቀበላቸው ግን አሉ። እንጥል ማስቆረጥ፣ ደረት ማስተኮስ፣ በዋግምት ደም ማውጣትና የፈላ ውሃ እንፋሎት ማሽተት ለልጅ አስም አይጠቅሙም፤ ያደማሉ፣ ያመረቅዛሉ፣ ያቃጥላሉ።

እናቶቻችን «በእኛ ጊዜ አስም አልነበረም» ይላሉ። ንግግራቸው ከመሬት የተነሳ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 የታተመ ጥናት በጅማ ከተማ አስም ከአካባቢው ገጠር ይልቅ በዝቶ መገኘቱን አሳይቷል። ከዚያ በኋላም በጅማ ላምባ በሚነድባቸው ቤቶች አለርጂ በዝቶ ታይቷል። አስም የያዘው ልጅ ደግሞ ማንኛውም ጭስ ይቀሰቅስበታል። እንጨቱም፣ ኩበቱም፣ ከሰሉም ያው ነው።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን እንመለስ። በየወሩ ስንሰበሰብ በሩን ዘግተን፣ ከሰል አቀጣጥለን፣ እጣን አጭሰን ቡና እንጠጣለን። ልጆቻችን ጉልበታችን ላይ ናቸው። የእህታችን ልጅ ጎን ጎን ሲያስል ስንት ጊዜ ሰምተን «ብርድ መትቶት ነው» እንዳልን አስታውሱ። ጭሱን ያጨስነው እኛ፣ ምክሩን የሰጠነው እኛ፣ ብድሩንም የጻፍነው እኛ ነን። እህታችን ዕዳውን ለብቻዋ እየከፈለች ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው አራት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከእንግዲህ የማህበሩ ቡና ደጅ ይፈላ፤ ልጅ ባለበት እጣን አይጨስ። ቡናው ይቅር አላልንም።

ሁለተኛ፣ ለታዘዘ ፓፍ የሚሆን ብድር ወለድ አይታሰብበት፤ የእህታችንም ቀሪ ዕዳ እንዲሁ ይታይላት።

ሦስተኛ፣ ያልገባች አባል ሁሉ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ትግባ። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአገራችን በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ተሁለደሬያችን አንዷ ነበረች። የአምባሰል እህቶቻችንም በወረዳቸው ይጠይቁ።

አራተኛ፣ ልጆች ፓፉን በትክክል እንዲስቡ ባለሙያ ጋብዘን እንማር። ትንንሽ ልጆች ሲነፋ አብረው መሳብ ስለማይችሉ መድኃኒቱ አፋቸው ውስጥ ይቀራል። በደቡብ አፍሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 በታተመ ጥናት የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ በውድ ከሚሸጠው ዕቃ እኩል ሠርቷል። በጠርሙሱ ቂጥ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳል፤ ፓፉ ገብቶ ዙሪያው ይደፈናል፤ ልጁ በጠርሙሱ አፍ በኩል ይተነፍሳል። አንድ ጊዜ ተነፍቶ አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ ብሎ ይሳባል። የምንጥለው የውሃ ጠርሙስ ነው። ደጋፊዎቻችን፣ ከሁሉ በፊት የምንለምናችሁ ይህን የሚያሠለጥን ባለሙያ እንድትልኩልን ነው።

በመጨረሻ፣ ይህን ለጎረቤቶቻችሁም ንገሩ። ልጅ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሃል ወደ ውስጥ ከገባ፣ መናገር ወይም መጥባት ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ማሸት የለም፣ ማር የለም፣ እስኪነጋ መጠበቅም የለም። ፓፉን እየሰጣችሁት ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ሩጡ። የባጃጁን ሒሳብ ማህበሩ ነገ ይጽፈዋል።

ልጆቻችንን ያሳድግልን። አሚን በሉ።