የታሰረ ስብራትና የአስታማሚ ዓይን



በዛሬው ንግግራችን የምናወሳው፣ አስታማሚዎች ስለ አጥንትና ስለ መገጣጠሚያ ሕመም ከሚማሩት ሁሉ አንዱን ክፍል ብቻ ነው። ትምህርቱስ ሰፊ ነው፤ ሕዝቡ ቁርጥማት እያለ በአንድ ስም የሚጠራቸው ልዩ ልዩ ሕመሞች፣ የእግርን አውራ ጣት በሌሊት የሚያነድደው ሪህ፣ የሳንባ ነቀርሳ ተዋሲ አከርካሪን ሲይዝ የሚያመጣው ጉብጠት፣ ሁሉም በውስጡ ይገኛሉ። እኛ ግን በየቤቱ በድንገት የሚደርሰውን የእጅና የእግር ስብራት እናንሣ።

አጥንት ሲሰበር በዙሪያው ያለው ሥጋ ይደማል፤ ያብጣልም። እብጠቱ ወዲያው አያበቃም፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን እየበረታ ይሄዳል። እንግዲህ አንድ ልጅ ከደረጃ ወድቆ ክንዱ በተሰበረበት ሰዓት በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ ጠበቅ ተደርጎ ቢታሰር፣ በቀን ልክ የነበረው ማሰሪያ ማታ ጠባብ ይሆናል። ሥጋው ወደ ውጭ የሚያብጥበት ስፍራ ስለሚያጣ ወደ ውስጥ ይጫናል፤ ደሙም መተላለፊያ ያጣል። ደም የተከለከለ ጡንቻ ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ መሞት ይጀምራል። ከዚያ የሚከተለው ጋንግሪን የሚባለው መጥቆርና መበስበስ ነው፤ ሐኪሙም የልጁን ሕይወት ለማዳን ሲል ክንዱን ለመቁረጥ ይገደዳል። በአገራችን እጅ ወይም እግር ከሚቆረጥባቸው ልጆች ብዙዎቹን ለዚህ ያበቃቸው ስብራቱ ሳይሆን የማሰሪያው መጥበቅ መሆኑን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል።

ይህን ማለታችን ወጌሻን ለማዋረድ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ኢቫን ቶማስ የሚባል የታወቀ ወጌሻ ነበረ። ልጁ ሂዩ ኦወን ቶማስ በኤዲንብራ ሕክምናን ተማረ፤ እርሱ የፈለሰፈው የብረት የእግር መደገፊያም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጭናቸው የተሰበረ ብዙ ወታደሮችን ከሞት አድኗል። ስለዚህ የዛሬው የአጥንት ሕክምና አንዱ ሥር ከወጌሻ ቤት የበቀለ ነው። የእኛም ወጌሻ የእጅ ብልኃት አላነሰውም፤ የሚጎድለው አስሮ ከሄደ በኋላ የሚጠብቅለት ዓይን ነው። በሐኪም እጅ የተጠቀለለ ጄሶም ቢሆን ካልተጠበቀ ያንኑ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

በሆስፒታል ይህ ዓይን የአስታማሚዋ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከበሽተኛው አልጋ ቶሎ ቶሎ ትመለሳለች። ከማሰሪያው ውጭ የቀሩትን ጣቶች ከጤናማው እጅ ጋር ታስተያያለች፤ ገርጥተዋልን? ቀዝቅዘዋልን? ጥፍሩን ጫን አድርጋ ስትለቀው በሁለት ሰከንድ ያህል ካልቀላ ትጠራጠራለች። ስትዳስሰው ይሰማው እንደ ሆነ፣ ጣቶቹንም ማንቀሳቀስ ይችል እንደ ሆነ ትጠይቀዋለች።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው ግን ሕመሙ ነው። ማስታገሻ ተሰጥቶት ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ይልቁንም የታጠፉትን ጣቶች በቀስታ ቀና ስታደርጋቸው ልጁ ከጮኸ፣ አስታማሚዋ ሌላ ማስታገሻ ሰጥታ አታስተኛውም፤ ሐኪሙን ትጠራለች እንጂ። የጣቶቹን መገርጣት ወይም የደም ምት መጥፋትን አትጠብቅም፤ ምቱ በእጅ አንጓ ላይ እየተሰማ ጡንቻው በውስጥ ሊሞት ይችላልና።

በየቤታችን ግን የሚያለቅሰውን ልጅ «ወንድ አይደለህም እንዴ? ቻለው!» ማለት ልማድ ሆኗል። ልጁም አፍሮ ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ አንደኛው ምልክት ከቤተ ሰቡ ተሰወረ ማለት ነው። እባካችሁ፣ ክንዱ የታሰረ ልጅ ሲያለቅስ አትገሥጹት፤ ጣቶቹን እዩለት። ከመሥሪያ ቤት ስትመለሱ፣ ደግሞም ከመተኛታችሁ በፊት፣ ሌሊትም ተነሥታችሁ እዩ።

የተነገሩትን ምልክቶች ካያችሁ ማሰሪያውን፣ ከሥሩ ያለውን ጨርቅ ጭምር፣ ቆዳው እስኪታይ ድረስ ፍቱ። ይህን ስታደርጉ አጥንቱ ከቦታው ይንሸራተታል ብላችሁ አትፍሩ፤ እርሱን ሐኪሙ መልሶ ያቃናዋል። ክንዱን አታንጠልጥሉት፤ እጅግም ወደ ላይ አታንሡት፤ በልብ ትክክል ይሁን። ጄሶ ከሆነ በቤት ለመስበር አትታገሉ፤ በሆስፒታል መቁረጫ አለ። ጎሕ እስኪቀድ ሳትጠብቁ በዚያው ሌሊት ውሰዱት። ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው ይሆናልና ምግብ አትስጡት። ማሰሪያው የታሰረበትንና ሕመሙ የበረታበትን ሰዓት በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ተረኛው ሐኪም ይህን መጠየቁ አይቀርምና።