የበረታው ቋንቋ ለደከመው ሕጉን ያውሰዋል
(በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ በየቀኑ ከአፋችን የሚወጣ ስለ ሆነ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። በካፋ ምድር ብዙው ልጅ በቤቱ ካፊ ኖኖ፣ በትምህርት ቤት ደግሞ አማርኛ ይናገራል። ሁለቱ ግን በአንድ ልጅ አፍ እኩል አይበረቱም፤ የበረታው ለደከመው ሕጉን ያውሰዋል።

ከገጠር ወደ ቦንጋ የመጣ ተማሪ እኅቱን «መጣህ ወይ?» ቢላት እንስቃለን። የምንስቀው ግን ምክንያቱን ስላላወቅን ነው። አማርኛ «አንተ» እና «አንቺ» ብሎ ሲለይ፣ ካፊ ኖኖ ለሁለቱም «ኔ» ይላል። ስለ ሌላ ሰው ሲነገር ግን ካፊ ኖኖም ወንዱን ከሴቷ ስለሚለይ፣ ልጁ «መጣ» እና «መጣች» ለማለት ያን ያህል አይቸገርም። ግሥን በመጨረሻ ማኖርም አያስቸግረውም፤ ሁለቱ ቋንቋዎች በዚህ ይስማማሉና። በእንግሊዝኛ ግን ግሡ ወደ መካከል ስለሚገባ ሁላችንም እንደናቀፋለን።

የከተማው ልጅም በተራው ከአያቱ ዘንድ ሲሄድ ይሳቅበታል። አማርኛ «ከ»ን እና «ለ»ን ከስም በፊት ሲያስቀድም፣ ካፊ ኖኖ ይህን በስሙ መጨረሻ ይቀጥላል። የድምፅ መውጣትና መውረድም በካፊ ኖኖ ቃልን ከቃል ይለያል፤ በአማርኛ ያደገ ጆሮ ይህን አይጠብቅም።

ሊቃውንትም ይህን መርምረዋል። ኡሪኤል ቫይንራይኽ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን «ጣልቃ መግባት» ብሎታል። ካፊ ኖኖም ሕግ የሌለው ቋንቋ አይደለም፤ ኤንሪኮ ቼሩሊ እ.ኤ.አ. በ1951 ስለዚሁ ቋንቋ በሮም መጽሐፍ አሳትሟል።

እንግዲህ ስሕተቱ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ ልጁ የሚያውቀውን ሕግ በማይሠራበት ቦታ መጠቀሙ ነው እንጂ። የተሳቀበት ልጅ አፉን ይዘጋል፤ አፉን የዘጋም አይታረምም። ስለዚህ መምህሮቻችን ስንሳሳት የትኛው ሕግ እንደ ተሻገረ እንድታሳዩን እንለምናለን። ወላጆቻችንም አማርኛችን ይጠራል ብላችሁ ካፊ ኖኖን አትንፈጉን፤ የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲም ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዷልና። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ከመሳቅ ይልቅ እንተራረም።