ሥራውን ከእጃቸው አንንጠቅ



በፈረስ ቤትና በዙሪያው አንድ ሽማግሌ የልጃቸው ስም ሲጠፋባቸው «ጃጁ» እንላለን። ነገሩ ግን እርጅና ብቻ አይደለም። እርግማንም አይደለም። የአንጎል በሽታ ነው። አልዛይመር የተባለ የጀርመን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1906 የአንዲት ሕመምተኛን አንጎል መርምሮ ጉዳቱን አስረድቷል። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። እንክብካቤ ግን በእጃችን ነው።

እናታችን መርሳት ሲጀምሩ «አርፈው ይቀመጡ» ብለን እንዝርቱን እንቀማቸዋለን። ያዘንንላቸው ይመስለናል። ሥራ የፈታ እጅ ግን ቶሎ ይደክማል። ሰው ስም ቢረሳም እጁ የለመደውን ቶሎ አይረሳም። ስለዚህ ጥጡን ይፍተሉ፤ ገብሱን ይልቀሙ። ልብሳቸውን በተራ በተራ እናቀብላቸው፤ ራሳቸው ይልበሱ። ቢሳሳቱ አንሳቅ፤ አንቆጣም።

ምድጃው ዘንድ ግን ብቻቸውን አንተዋቸው። ከቤት ወጥተው መንገድ እንዳይጠፋባቸው ጎረቤት ይወቅ። መዘባረቁ በድንገት ከመጣ ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ፈጥነን ጤና ጣቢያ እንውሰዳቸው።

ጦሪነቱ በሴት ልጅና በምራት ላይ ብቻ አይውደቅ። እርሻውን በወንፈል እንደምንሠራ፣ ወላጆቻችንንም ወንድ ሴት ሳንል በተራ እንጡር።