ስም መዝጋቢ ወይስ ተከራካሪ?

(በጭሮ ከተማ ለማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎችና መምህራን ከተደረገ ንግግር)



እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም፤ ጋዜጠኛ ነኝ። ስለዚህ ከድፍረት ሳትቆጥሩብኝ በጥያቄ ልጀምር። ስማቸው ከሴፍቲኔት መዝገብ የተሰረዘ አንዲት ባልቴት ቀበሌ ደጃፍ ቁጭ ብለው ቢገኙ፣ በማኅበራዊ ሥራ የተመረቀው ልጃችን ምን ያደርግላቸዋል? ፎርም ይሞላላቸዋል? ያጽናናቸዋል? ወይስ ገባ ብሎ «ለምን ተሰረዙ?» ይላል?

መጽሐፉ «ጠይቅ» ነው የሚለው። ዓለም አቀፍ የሙያው ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2014 ያጸደቁት ትርጓሜ ማኅበራዊ ፍትሕንና ሰብአዊ መብትን የሙያው መሠረት ያደርጋቸዋል። ይህን ሁላችሁም ፈተና ላይ አሳምራችሁ ትጽፋላችሁ፤ ኤ ታገኙበታላችሁ። ጣጣው የሚመጣው ከፈተናው በኋላ ነው።

ትምህርቱ ራሱ በአገራችን ያላየው አበሳ የለም። እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት ደርግ በመጣበት በ1974 ተዘጋ። የ77ቱ ረሃብ፣ ጦርነቱ፣ የወላጅ አልባው ብዛት... ሙያው በተፈለገበት ዘመን ትምህርት ቤቱ አልነበረም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ መልሶ ከፈተው። እሰየው ተባለ።

አምስት ዓመት እንኳ በወጉ ሳይሞላው አዋጅ ቁጥር 621/2001 መጣ! ከገቢው ከመቶ አሥር በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በጾታ እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠራ ተከለከለ። በአማርኛ ሲተረጎም፦ ለአካል ጉዳተኛው ክራንች መስጠት ይቻላል፤ ስለ መብቱ መሟገት ግን አይቻልም። ክፍል ውስጥ «ተሟገት» ተብሎ የተማረው ልጅ ድርጅት ሲቀጠር «አርፈህ አድል» ተባለ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሻረ። ልማዱ ግን አብሮ የተሻረ አይመስለኝም።

ወደ ሐረርጌያችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 እና 2016 ድርቁ ይህን አካባቢ እንዴት እንደመታው እናንተው ታውቁታላችሁ። በ2017 ደግሞ ከሶማሌ ክልል ድንበር የተፈናቀለው ሕዝብ መጣ። ሒርና፣ በዴሳ፣ ገለምሶ፣ ሚኤሶ፤ በችግር ጊዜ የእርዳታና የሴፍቲኔት መዝገብ የማይገለጥበት ከተማ የት አለ? ሴፍቲኔቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ የማይችለው ሽማግሌና አካል ጉዳተኛ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛል። ነፍሰ ጡርም ከድንጋይ ተሸካሚነት ነፃ ናት። በመመሪያው መሠረት ቀበሌ ውስጥ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሊኖር ይገባል። ደስ ይላል! ግን መዝጋቢውና ቅሬታ ሰሚው አንድ በርጫ ላይ አብረው የሚቀመጡ ከሆነ ባልቴቷ ለማን ይንገሩ?

አፎሻ አላቸው ትሉኝ ይሆናል። አፎሻ ቀብርና ለቅሶ ላይ ማንም አይስተካከለውም። ከቀበሌ ጋር መከራከር ግን ሥራው አይደለም፤ እንግዲህ የተማረው ሰው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ይህች ከተማ አሰበ ተፈሪ ስትባል ያስተዳደሯት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ጨርጨርን የአርአያ ግዛት ሊያደርጉ ደክመዋል፤ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ያ ሕገ መንግሥት ለድሃ ብዙም አላሰበም። የ1987ቱ ግን በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና አሳዳጊ የሌላቸውን ልጆች እንዲረዳ ግዴታ ጥሎበታል። ግዴታ ነው የሚለው፤ ምጽዋት አላለም። እስቲ ስንቶቻችሁ ይህን አንቀጽ በኦሮምኛ ለአንዲት እናት አስረድታችሁ ታውቃላችሁ? በእንግሊዝኛ የተማራችሁት «አድቮኬሲ» ቀበሌ ደጃፍ ሲደርስ ቋንቋ መለወጥ አለበት።

መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ለተግባር ልምምድ የምትልኩት ተማሪ የቤት ለቤት ቅጽ ሞልቶ ብቻ አይመለስ። አንድ ቅሬታ ይያዝ፤ ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ዞን ይከተለው፤ መልሱን በጽሑፍ ያምጣ። ውጤቱም በዚያ ይታይ። በርግጥ አንድ ቀን ከአንዱ ጽሕፈት ቤት «ተማሪያችሁ ሕዝብ እያነሳሳ ነው» የሚል ስልክ ይደወላል። ስልኩን የምታነሱት እናንተ ናችሁ። ያን ጊዜ ምን ትላላችሁ? እስካሁን ካልተነጋገራችሁበት ዛሬ ከዚህ ሳትወጡ ተነጋገሩበት።