ልጆቻችን ቤት ቢውሉም ትምህርታቸው አይቅር
(በመካነ ሰላም በሠፈራችን ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



በ2015 ዓ.ም. በክልላችን ከተነሣው ግጭት ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ቤት ውለዋል። በየቤታችን ማስተማር ጀመርን፤ ለብቻ ሆኖ ግን ከበደን። መጽሐፍ ያለው አስተማሪ የለውም፤ ንባብ የሚችለው ሒሳቡ ያቅተዋል።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የተማረው ያልተማረውን አስተማረ። በቄስ ትምህርት ቤትም ሆነ በቁርአን ቤት ትልቁ ልጅ ታናሹን ያስጠናል። እኛስ ምን ያንሰናል?

ስለዚህ፦
1. ያለፈ ክፍል መጽሐፍ ያላችሁ አምጡ፤ በመዝገብ እያስፈረምን እናዟዙራለን።
2. ጡረታ የወጣችሁ መምህራንና ማስተማር የምትችሉ ሁሉ እኛ ዘንድ ተመዝገቡ።
3. አምስት አምስት ቤት እየሆንን ልጆቹን በተራ እንያዝ።

መጠየቅ አያሳፍርም። ትምህርት ቤቱ የተከፈተ ለት ልጆቻችን ፊደል ረስተው አይግቡ!